ለማንም እንዳትልክ

ሙደሲር ሁመድ ሙዚቃውን ከሌባ ለመከላከል ያላደረገው ነገር የለም፤ ችግሩ ሌባው አልመጣም። አልበሞቹን ውጭ አገር ባለ የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ሲጭን ከእያንዳንዱ ሥር «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስጠይቃል» ብሎ ይጽፋል። በየሙዚቃው መግቢያ ላይ ደግሞ በገዛ ድምፁ ስሙን ቀድቶ ሰክቶበታል፣ የሰረቀው ሰው እንዲያፍርበት ሳይሆን እንዳያመልጠው። ማን ይስረቀው? ድረ ገጹ የውጭ ባንክ ካርድ ስለሚጠይቅ ያገር ሰው አይገዛም፤ ካርድ ያለው የውጭ ሰው ደግሞ ሙደሲር የሚባል ፍጡር በምድር ላይ መኖሩን አያውቅም። አንዳንዴ ስልኩን ይከፍትና ቴሌግራም ላይ በየሙዚቃ ቻናሉ ስሙን ጽፎ ይፈልጋል፤ ሰርቀውኝ እንደሆነ ብሎ። የለም። ጆሮ የሚያደማው ሁሉ እየተሰረቀ ሲቸበቸብ የሱን የሚነካ ጠፋ። ይህን ለጓደኞቹ ሲያወራ ይስቁበታል፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ብቻውን ሲሆን ግን ያንገበግበው ነበር።

የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። ዘፋኝ የለ፣ ባንድ የለ፤ ሰውየውና ላፕቶፑ ብቻ። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቱ ከእትዬ ሀሚዳ ጋር በሚኖርበት ቤት መኝታ ክፍሉን ይዘጋና የውሃ ፓምፕ ሲያጓራ፣ ባቡር ሲያልፍ፣ የታክሲ ረዳት ሲጣራ የቀዳውን ሁሉ ቆራርጦ፣ ጎትቶ፣ ገጣጥሞ ሙዚቃ ያደርገዋል። ለሚገባው ሰው ደስ ይላል፣ እውነት እንነጋገር። እትዬ ሀሚዳ ግን አይገባቸውም። ከበሩ ሥር የሚወጣውን ዱም ዱም ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁና ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋሉ። ጎረቤት ልጅዎ ምን ይሠራል ሲላቸው ደግሞ «ኮምፒውተር ይጠግናል» ይላሉ። ሰውየው በዕድሜው አንድ ኮምፒውተር ጠግኖ አያውቅም። በዚች ቃል ጦስ የብሎኩ ነዋሪ ሁሉ የተበላሸ ላፕቶፑን እየተሸከመ ደጃቸው ይቆማል፤ ሙደሲርም እናቱን ላለማሳፈር ይቀበልና ደብቆ ሜክሲኮ ወስዶ ያሠራዋል።

ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። እናቱ አንድ ቀን፣ በሬዲዮም ይሁን በየትም፣ የሱን ሙዚቃ ከነስሙ ሰምተው «ይሄ እኮ ልጄ ነው» እንዲሉ። በቃ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ወንድ ይህን መመኘቱ ስለሚያሳፍረው ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እኔ ግን ለእናንተ እነግራችኋለሁ፣ ያለዚያ የሚመጣው ነገር አይገባችሁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያገለገለ ማይክሮፎን ገዝቶ ገባና ሊሞክረው ሳሎን ውስጥ አቆመው። እትዬ ሀሚዳ ሶፋው ላይ ትሪ ታቅፈው ሩዝ ይለቅማሉ። ሲለቅሙ ያንጎራጉራሉ፤ ከልጅነት አገራቸው ከወሎ፣ ከደጋን ይዘውት የመጡትን፣ ቃሉ ግማሹ ተረስቶ ዜማው የቀረ እንጉርጉሮ። መቀዳታቸውን ቢያውቁ ኖሮ ጭጭ ይሉ ነበር። እትዬ ሀሚዳ ሠርግ ላይ እንኳ ፎቶ አንሺ ሲያዩ ከሰው ጀርባ የሚደበቁ ሴት ናቸው። ሙደሲር ማይክሮፎኑን ማጥፋት ረሳሁ ይላል። ረሳሁ ካለ ረስቶ ይሆናል፣ እኛ ምን አገባን።

መኝታ ቤቱ ገብቶ ሲያዳምጠው ሰውነቱን ውርር አደረገው። የእናቱን ቀጭን ድምፅ በኮምፒውተር አዘገመው፣ ወደ ታች ጎተተው፣ ወፈር አደረገው፤ እሳቸውን መምሰሉ ቀረና የሌላ፣ ከሩቅ የምትጣራ ሴት ድምፅ ሆነ። ጠጠር ባገኙ ቁጥር አንስተው አጠገባቸው ባለች የብረት ሳህን ላይ ሲጥሏት ጥን የምትለዋን ድምፅ ሳይቀር አልነካትም። ከሥር ቀስ ያለ ምት አስገባ፣ ባስ አስገባ፣ መልሶ አወጣ፣ እንደገና አስገባ። ወራት ፈጀበት። እንዲያም ሆኖ ያለቀ አልመሰለውም። ስላላለቀም ስሙን አልሰካበትም፣ ማስጠንቀቂያም አልጻፈበትም፤ ፋይሉን «ሩዝ» ብሎ ጠርቶ ለአብሮ አደጉ ለበከር በቴሌግራም ላከለትና አስተያየትህን ስጠኝ አለው። ቀጥሎም «ላንተ ብቻ ነው፣ ለማንም እንዳትልክ» ብሎ ጻፈለት።

የአዲስ አበባን ሰው የሚያውቅ ከዚህ በኋላ ያለውን ራሱ ይጨርሰዋል። በከር ክፉ ሰው አይደለም፣ ሙዚቃውን ወደደው እንጂ። ስለወደደው ለእጮኛው ላከላት፤ ለማንም እንዳትልኪ ብሎ። እጮኛው ለወንድሟ፣ ወንድሟ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባው፣ ባልደረባው አብረውት ዲቪ ለሚሞሉ ጓደኞቹ ግሩፕ፤ ሁሉም ለማንም እንዳትልክ እየተባባሉ። አንድ ነገር ከተማውን ቶሎ እንዲያዳርስላችሁ ከፈለጋችሁ ማስታወቂያ ቤት አትሂዱ፣ ይህችን ቃል ጨምራችሁ ላኩት።

እንዲህ ሲል ሲል ሰንጋ ተራ አንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ስልክና ፍላሽ የሚሸጥ፣ በጎን ደግሞ «ሮቤራ ሚዲያ» የሚባል ትልቅ የቴሌግራም ቻናል ያለው ሮቤራ የሚባል ሰው እጅ ገባ። ሮቤራ ሰው የሠራውን ሙዚቃ ሰብስቦ ለሰው ያድላል፤ ፍላሽ ይዞ ለመጣም ይጭናል። «ሩዝ» የሚለው ስም አልጣመውም። ማን ሩዝ ያዳምጣል? አወጣና ጣለው። በምትኩ «የጠፋው የወሎ ካሴት፣ ያልታወቀች እናት፣ ከስድሳዎቹ» ብሎ ከራሱ አፍልቆ ለጠፈው። ከሥሩም ዘመናዊ ይመስላል ብሎ «ቢቱ በኤአይ የተሠራ» የሚል ጨመረ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ድምፁ ለማትታወቅ ሴት፣ ሙዚቃው ለማሽን ተሰጠ። መሐል ላይ ሙደሲር የሚገባባት ቀዳዳ እንኳ አልተረፈችም።

እሱ መጀመሪያ የሰማው ከሜክሲኮ ልደታ ታክሲ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ስፒከሩን ለቆታል፣ ተሳፋሪው ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሙደሲር ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ። የእናቱ ድምፅ፣ የሱ ባስ፣ ያቺ ጥን የምትለው ጠጠር፤ ድንገት ከመሐል የማያውቀው ጎርናና ድምፅ ዘው ብሎ «ይህ የሮቤራ ሚዲያ ንብረት ነው፤ ከቻናላችን ሲወስዱ ምንጭ ይጥቀሱ፤ የሰው ልፋት መስረቅ ነውር ነው» አለ። ሙደሲር መቻል አቃተው። ጎንበስ ብሎ ይሄ እኮ የኔ ሙዚቃ ነው አለው ረዳቱን።

«የሁላችንም ነው ብሮ» አለው ረዳቱ፣ «ጠጋ በል፣ ሰው ይግባበት።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመው። ጫማ ቤቱ ይከፍተዋል፣ ጂሙ ይከፍተዋል፣ የሠርግ ቪዲዮ ሠሪዎች ሙሽራ ከመኪና ሲወርድ ያስገቡበታል። አንድ ኤፍኤም ጣቢያ ሳይቀር አንድ የባህል ተመራማሪ ጋብዞ ስለ «ጠፋው ካሴት» አወያየ። ተመራማሪው በየመሐሉ የምትሰማዋ ጥን የምትል ድምፅ ዛሬ ከጥቅም ውጭ የሆነ የወሎ የነሐስ ቃጭል መሆኗን፣ አመታቷም ሥርዓት ያለው እንደሆነ በሰፊው አብራሩ። ሙደሲር ስልክ ደወለ። መስመር አግኝቶ ገባና፣ ጥን የምትለው የሩዝ ጠጠር ናት፣ ሙዚቃውንም የሠራሁት እኔ ነኝ አለ። ጋዜጠኛው ሳቁን ዋጥ አድርጎ አድማጫችንን እናመሰግናለን አለና ቆረጠው። ተመራማሪውም ሕዝባችን ለቅርሱ ያለው ግንዛቤ ገና ብዙ እንደሚቀረው በሐዘን ተናገሩ።

ሙደሲር ይህን ሰምቶ ቀጥ ብሎ ሰንጋ ተራ ወረደ፤ ሮቤራን አንገቱን ሊያንቀው። ደም ፍላት ሲይዘው እንዲያ ነው፣ በመንገድ ላይ የሚናገረውን ሁሉ አሰናድቶ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሮቤራ የሚጣሉት ዓይነት ሰው ሆኖ አልተገኘም። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሰው አክባሪ። ገና ሲገባ ወንበር ሳበለት፣ ማኪያቶ አዘዘለት፣ ሥራህ ምንድን ነው አለው። ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው ሲለው ዓይኑ በራ። እግዜር ነው ያመጣህ ብሎ የሆዱን ዘረገፈለት። ይህች አገር በሌባ ተሞላች አለ። እሱ ስንት ለፍቶ የሚለቀውን ሙዚቃ ሌሎች ቻናሎች ይወስዱና የሱን ድምፅ ቆርጠው አውጥተው የራሳቸውን ያስገቡበታል፤ እንቅልፍ አጣሁ አለ። ፋይሉን ማንም እንዳይገለብጠው የሚቆልፍ ነገር ካወቅህ ውለታህን አልረሳም ብሎ እጁን ያዘው።

ሙደሲር እጁን አስለቀቀ። በመጨረሻ ያን ሙዚቃ የሠራሁት እኔ ነኝ አለ፤ በቤቱ፣ በእናቱ ድምፅ፣ በገዛ እጁ። ሮቤራ አልተቆጣም፣ አልደነገጠምም። ካንተ በፊትም የኔ ነው ያሉ መጥተዋል አለው፤ አንዱ አክስቴ ናት አለ፣ አንዱ ራሱ ካሴቱን ከወንዝ እንዳወጣው ማለ። ከዚያ የማኪያቶውን ብርጭቆ ወደ ሙደሲር ገፋ አደረገና ረጋ ብሎ፦

«ደግሞ በል የኔ ነው ካልክም፣ እኔ ባላሰራጨው ኖሮ ዛሬ ምኑን ልትጠይቀኝ ትመጣ ነበር?» አለው።

ሙደሲርን ያናደደው የነገሩ ድፍረት አይደለም፣ መልስ ማጣቱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት በስሙና በማስጠንቀቂያው አጥሮ ያስቀመጠውን ሰው ሳይሰማው፣ ይቺን ስም የለሽ ዝርክርክ ይህ ሰውዬ ለከተማው ሁሉ አዳረሳት። ሌባ ልበለው ወይስ አመሰግናለሁ?

ሮቤራ ግን እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ ሽማግሌ አስታረቀ። ማስረጃ አምጣ አለው። ቢት ያልገባበት፣ ድምፁ ብቻ ያለበትን የመጀመሪያውን ቅጂ በፍላሽ ይዘህ ቅዳሜ ጠዋት ና፤ የሬዲዮው ጋዜጠኛ ደንበኛዬ ነው፣ እኔው ራሴ አገናኝሃለሁ፣ ከሰዓት በቀጥታ ሥርጭት ስምህን ያነብቡታል፣ እኔም ቻናሌ ላይ አስተካክላለሁ። «ማዘርም ቤት ቁጭ ብለው ይሰሙሃል» ብሎ ጨመረበት። ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ልቡን ነካችው። ሙደሲር ከሰንጋ ተራ ልደታ በእግሩ ተመለሰ፣ ታክሲ መኖሩንም ረስቶ።

ቅጂው አልጠፋም፣ ላፕቶፑ ውስጥ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፍላሽ ላይ ገለበጠውና ኪሱ ከተተው። ለእናቱ አስቀድሞ መንገር እንዳለበትም ወሰነ፤ ድምፃቸው ነውና። መቆጣታቸው አይቀርም። ሳያስፈቅደኝ ብለው ያኮርፋሉ፣ አንድ ቀን ያህል አያናግሩትም፣ ከዚያ ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ ይረሱታል። የሚላቸውን መስታወት ፊት ቆሞ ተለማመደ። ደረቱን ነፍቶ ሳሎን ገባ።

እትዬ ሀሚዳ ሶፋው ላይ ናቸው፣ ከጎናቸው ደግሞ የፊት ለፊት ጎረቤታቸው ሠርካዲስ። መሐላቸው የሠርካዲስ ስልክ። ከስልኩ የሚወጣው ሙዚቃ የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። እትዬ ሀሚዳ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ነው፣ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ሠርካዲስ ምን ሆኑ ብላ ተጨንቃለች፤ ከዕድር ግሩፕ ደርሷት ያገርዎ ነገር ነው ብላ ልታሰማቸው መምጣቷ ነው፣ ምን በወጣት።

ሙደሲር የገዛ ድምፃቸውን አውቀውታል ብሎ በሩ ላይ ቆመ። እንዲህ የሚያለቅሱት ተናደው ነው ብሎ አሰበ።

«ሙዴ» አሉት ቀና ብለው፣ «ና እስኪ ስማ። ሙፊዳ ናት። እህቴ።»

ሙደሲር ስለ አክስቱ ስለ ሙፊዳ የሚያውቀው ትንሽ ነበር፤ እሱ ሳይወለድ በፊት ደጋን በወሊድ መሞቷን ብቻ። የቀረውን ያን ቀን ሰማ። ሙፊዳ ታላቃቸው ናት፤ በደጋን አካባቢ እንደሷ የሚያንጎራጉር አልነበረም። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ቴፕ ያለው ሰው ቀድቷት ነበር። እትዬ ሀሚዳ ተድረው አዲስ አበባ ሲመጡ ያንን ካሴት ይዘው መጡ፤ ከሞተችም በኋላ ሌላ ነገር፣ ፎቶ እንኳ፣ አልነበራቸውም። የድሮው ልደታ ሰፈር ሳለ አንድ ጎረቤት ሰምቼ ልመልስ ብሎ ተዋሰና ዛሬ ነገ ሲል ሰፈሩ ፈረሰ፣ ሰውም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ሰውየው የት እንደገባ አልታወቀም። ይህን ሁሉ ዓመት ሙፊዳ ሁለተኛ የሞተችብኝ ያኔ ነው እያሉ በልባቸው ይዘውት ኖረዋል። ለልጃቸው ያልነገሩት ሲያነሱት ስለሚያማቸው ነው።

«ለካ ያ ሰው አባዝቶት ኖሯል» አሉ። «አልመለሰልኝም ብዬ ስንት ዓመት ረገምኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ቢመልስልኝማ ኖሮ ከቤቱ ጋር ግሬደር በልቶት ነበር። አላህ የትም ቢሆን ይስጠው።»

ሙደሲር ቁጭ አለ። ሌባ በዚህ ቤት እንዲህ ሲመረቅ ሰምቶ አያውቅም። ምናልባት ተሳስተሽ እንዳይሆን እማ አላቸው፣ ቀስ ብሎ፣ ምናልባት ድምፁ ያንቺን ይመስላል። እትዬ ሀሚዳ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። የኔ ድምፅማ የጫጩት ነው አሉ፤ እንዲህ ወፈር ያለ ድምፅ የነበራት እሷ ናት። ደግሞ ይህችን ስማት ብለው ጣታቸውን አነሱ። ጥን አለች ጠጠሯ። አምባሯ ነው አሉት፤ ስታንጎራጉር እጇን እያወዛወዘች ስለነበር የብር አምባሮቿ ይጋጩ ነበር። ሠርካዲስ ሰምታ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ተመራማሪው ቃጭል ነው ሲሉ ሙደሲር ስልክ ደውሎ ሊሟገት አቅም ነበረው። አሁን ግን አፉ ተያያዘ። ያን ወፍራም ድምፅ የሠራው እሱ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዲት መስመር ወደ ታች ስቦ። እንዴት ብሎ ይንገራቸው? አክስቴን የሠራኋት እኔ ነኝ ይበል? ነገ እነግራለሁ፣ ሲረጋጉ እነግራለሁ እያለ አደረ።

ሲነጋ እትዬ ሀሚዳ ቀድመውት ተነሥተው ለባብሰው ጠበቁት፤ የበዓል ሻርፓቸውን አድርገው፣ በፌስታል ብርቱካን ይዘው። ካሴቱን ያገኘውን ልጅ ላመስግነው፣ ውሰደኝ አሉት። ሠርካዲስ ቻናሉ ሰንጋ ተራ ሱቅ እንዳለው ነግራቸዋለች፤ ስልኩ ላይ አድራሻው ተጽፏል። ሙደሲር ሰበብ ፈለገ፣ አጣ። ፍላሹ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነው። ሱቁ ስንደርስ፣ ሮቤራ ፊት፣ ማስረጃው እጄ ላይ ሆኖ እነግራታለሁ አለ ለራሱ። ስሜ ነው፤ የሥራዬ ነገር ነው፤ ደግሞ እውነቱን የማወቅ መብት አላት። ሙግቱ ሁሉ ትክክል ነበር። ደረጃውን ሲወርዱ እጃቸውን ይዞ እያንዳንዱን ቃል ደገመው።

ሮቤራ ሙደሲርን ሲያይ ፈገግ አለ፣ እናቱን ሲያይ ደግሞ ተነሥቶ ቆመ። ማዘር ይቀመጡ ብሎ ያለችውን አንዲት ወንበር ለቀቀላቸው። እትዬ ሀሚዳ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መረቁት። ልጅህ ይደግልህ፣ እጅህ አይንጠፍ፣ እህቴን ከመሬት አወጣህልኝ አሉት። ሮቤራ ከዚህ ቀደም ተሰድቧል፣ እከስሃለሁ ተብሏል፤ ተመርቆ ግን አያውቅም። እሳቸውም ዘመኑን ብቻ ተሳስተሃል፣ ስድሳዎቹ አይደለም፣ ሰባዎቹ ነው አሉና የእህቴን ስም ጻፍላት ብለው ነገሩት፤ ሙፊዳ ሰይድ፣ የደጋኗ።

እስኪ በትልቁ አሰማኝ አሉት ቀጥለው። ሮቤራ ስፒከሩን ከፈተ።

እትዬ ሀሚዳ ትንሽ አዳመጡ፤ ቆይተው እሳቸውም ከሥር ማንጎራጎር ጀመሩ። ሳያስቡት ነው። በቀጭን ድምፃቸው፣ ሐረጉ መጨረሻ ላይ ትንፋሻቸውን ዋጥ እያደረጉ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ የሌለ ሩዝ እየለቀመ። ስፒከሩ ውስጥ ያለችው ሴት በተነፈሰችበት ይተነፍሳሉ፣ በዋጠችበት ይውጣሉ። ሮቤራ ቁልፉ ላይ የነበረው ጣቱ ቆመ። ሲሰርቅ የኖረ ሰው ነው፣ ጆሮውን ግን አላህ አልነፈገውም። ሴትየዋን አየ፣ ስፒከሩን አየ፣ ከዚያ ሙደሲርን አየው። ገብቶታል።

ሙደሲር ወደ እናቱ ተመለከተ። ፊታቸው እንዲህ በርቶ አይቶት አያውቅም። ኪሱ ውስጥ ፍላሹን ጨብጧል። አንድ ቃል ቢናገር ስሙ ዛሬ ከሰዓት በሬዲዮ ይጠራል። ሙፊዳ ደግሞ ዛሬ ጠዋት እንደገና ትሞታለች፤ በገዛ ልጃቸው አፍ።

ሮቤራ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ወደ ጆሮው ተጠጋ። «ፍላሹስ?» አለው በሹክሹክታ።

«የለም፤ ጠፋብኝ» አለ ሙደሲር።

ሮቤራ ወደ ቦታው መለስ አለ። ለጋዜጠኛው ምን ልበል አለ። እናቴ ያለችውን በል አለው። ሮቤራ ስልኩን አውጥቶ «ያልታወቀች እናት» የሚለውን አጠፋና «ሙፊዳ ሰይድ» ብሎ ጻፈ። ጣቱ ወደ ታችኛው መስመር ሲወርድ አመነታ።

«ቢቱን ማን ልበል?»

ሙደሲር ስሙን አፉ ላይ አደረሰው። ግን እናቱ ልጄ ሠራው ካሉ የእህቴን ድምፅ ከየት አገኘኸው ማለታቸው አይቀርም፤ ከዚያ ያው ነው። «ኤአይ ብለህ የለ፤ ተወው» አለ።

ሮቤራ ተወው። ያን ጎርናና ማስጠንቀቂያውን ግን በዚያው ቀን ከሙዚቃው ላይ አነሳው። ያወቀውንም ነገር፣ ያ ሁሉን ነገር ለሁሉ የሚያጋራ ሰው፣ እስካሁን ለማንም አልላከም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሀሚዳ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ሬዲዮ ከፈቱ። ጋዜጠኛው ከሮቤራ ሚዲያ በደረሰን መረጃ መሠረት ብሎ የሙፊዳ ሰይድን ስም ከነአገሯ፣ ቢቱንም ኤአይ የሚባል ማሽን እንደሠራው አነበበ። ተመራማሪውም በስልክ ገብተው ቃጭል ያሉት የብር አምባር መሆኑን እሳቸውም ጠርጥረው እንደነበር ገለጹ። ቤቱ እልል አለ። ሙደሲር በሩ አጠገብ ቆሞ ሻይ ያቀብላል፤ ሙዚቃው ሲከፈት ባሱ ትንሽ በዝቷል ብሎ አሰበ፣ ከዚያ ለማን ነው የማስተካክለው ብሎ ተወው። ደስ ብሎታል? ብሎታል። ከፍቶታል? እንዴት አይከፋው፣ ሰው አይደለም እንዴ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እትዬ ሀሚዳ ሶፋው ላይ አጠገባቸው እንዲቀመጥ ጠሩት። ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት።

«ሙዴ፣ አልቆጣህም» አሉት፣ «ግን አየህ አይደል? ማሽን እንኳ ሲያውቅበት እንዲህ አድርጎ ይሠራል። አንተም እንዲህ ዓይነት ነገር ብትሠራ እኮ ዛሬ ስምህ በሬዲዮ ይጠራ ነበር።»

«እሞክራለሁ እማ» አለ ሙደሲር።

ኢንሻአላህ አሉና ስልኩን ሰጡት፤ ከመጀመሪያው አድርግልኝ፣ ድምፁንም ከፍ አድርገው። ከመጀመሪያው አደረገላቸው።